ሁለት ዱላና አንድ ጣሳ

ሀይሌ፦ አንድ ዱላ ለሽማግሌ ነው፤ ይገባኛል። ሁለት ዱላ ለማን ነው?

ቶሎሳ፦ ለጤነኛ።

ሀይሌ፦ ጤነኛ ሰው ዱላ ምን ያደርግለታል?

ቶሎሳ፦ ጤነኛ ሆኖ እንዲቆይ ነዋ።

ሀይሌ፦ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት የሚቆም ደብተራ እንኳ አንድ መቋሚያ ነው የሚይዘው።

ቶሎሳ፦ ለዚያ ነው የሚደክመው። ያዝ በቃ። እዚህ አገር ሰው ሲዝናና በአራት እግሩ ነው።

[ከአውቶቡስ መውረዳቸው ነው። ቶሎሳ ፊቲያ በሚባለው የስቶክሆልም ሰፈር ከከተመ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር፣ የቤተ ክርስቲያን አስተናጋጅ፣ የማያውቀው ነገር ካለ ነገሩ ገና አልተፈጠረም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ሀይሌ የሚስቱ የሰርክ ወንድም ነው። አዲስ አበባ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ኖሮ ባለፈው ዓመት ሚስቱን ተከትሎ አካላ የሚባለው ሌላው የስቶክሆልም ሰፈር ገባ። ሲናገር ቀስ ይላል፤ ቶሎሳ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚናገር ሁሉ ቀስ ብሎ የሚገባው ይመስለዋል። ከስቶክሆልም በስተደቡብ ያለው ባሕር በጥዶቹ መሃል ያብለጨልጫል። የጥንት መቃብሩንና ጽሑፍ የተቀረጸበትን ድንጋይ እያዩ በመሪ የሚሄዱበት የሦስት ቀን የእግር ጉዞ ከዚህ ይጀምራል። ይጀምራል ከማለት ጀምሯል ማለት ይሻላል፤ ቡድኑ ቀድሟቸው ሄዷል።]

ሀይሌ፦ ዘገየን እኮ።

ቶሎሳ፦ አልዘገየንም። እነሱ ቸኮሉ።

ሀይሌ፦ ልጅህ ፌበን የነገረችንን አውቶቡስ እንያዝ ስልህ...

ቶሎሳ፦ ሀይሌ፣ እኔ አውቶቡስ ነው የምነዳው። ለዶሮ ስለ እንቁላል አይነገርም።

ሀይሌ፦ ዶሮዋ ሌላ መንደር ወስዳ ጣለችን።

ቶሎሳ፦ መንደሩንም አየንበት። ይልቅ ጆሮህን ስጠኝ። ዛሬ የመጣሁት ባሕር ለማየት አይደለም። የኤሪክ አባት የዚህ ጉዞ መሪ ነው። ፌበን "ሂድና ተዋወቀው" ብላ ቦታ የያዘችልን ለዚህ ነው። በመስከረም ልጄን ሊወስዱ ነው፤ እስከ ዛሬ አንድ ሰው በሬን አንኳክቶ "ስጡን" አላለኝም።

ሀይሌ፦ ኤሪክ ራሱ አልነገረህም?

ቶሎሳ፦ ነገረኝ። ኩሽናዬ ውስጥ ሳህን እያጠበ። "ልንጋባ አስበናል" አለኝ። ሳህን እያጠበ፣ ሀይሌ።

ሀይሌ፦ ሳህኑን ጨረሰው?

ቶሎሳ፦ ጨርሶታል።

ሀይሌ፦ ጥሩ ልጅ ነው።

ቶሎሳ፦ ጥሩ ልጅ አይደለም ማን አለህ? ወግ ነው እንጂ የጎደለው። ወግ እኮ አለ። ሽማግሌ ይመጣል። ተቀመጡ ሲባል "ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም" ብሎ ይቆማል። "ከቤትዎ የምንፈልገው ነገር አለ" ይላል። አባት እምቢ ይላል። ሁለተኛ ይመጣል፤ አሁንም እምቢ። በሦስተኛው ነው እሺታ። እኔ ሰርክን ሳገባ አባትህ ሽማግሌዎቼን ስንቴ በር ላይ አቁሞ መለሳቸው?

ሀይሌ፦ አባዬ እኮ ጆሮው አይሰማም ነበር።

ቶሎሳ፦ ወግ ነው።

ሀይሌ፦ እሺ፣ ወግ ይሁን።

ቶሎሳ፦ ወንድም ባርናባስ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠብቆ "ሽማግሌ መጣ ወይ?" ይለኛል። በሰው መሃል።

ሀይሌ፦ ምን ትለዋለህ?

ቶሎሳ፦ "በመንገድ ላይ ናቸው።"

ሀይሌ፦ ይኼን ያህል ጊዜ? በየትኛው አውቶቡስ ነው የሚመጡት?

ቶሎሳ፦ አትቀልድ። በሽማግሌ ተለምኖ የዳረ አባትና ሳይለመን የተዳረበት አባት አንድ አይደሉም። ፌበንማ ምኗም አይደለም። በአማርኛ ስጠይቃት በስዊድንኛ የምትመልስልኝ ልጅ ወግ የት ታውቅና። እኔው ልወጣው ነው። ዛሬ ሰውዬውን በዘዴ ይዤ፣ ሽማግሌ መላክ እንዳለበት ራሱ እንዲገባው አደርጋለሁ።

ሀይሌ፦ እንዴት አድርገህ?

ቶሎሳ፦ በዝምታ። ስዊድናዊ በወሬ አይሸነፍም። አጠገቡ ዝም ብለህ ትሄዳለህ። ትሄዳለህ፣ ትሄዳለህ፣ በመጨረሻ ልቡ ይከፈታል።

[የመንገዱ አፍ ላይ አንድ አዛውንት ቆመዋል። ጃኬታቸው ፀሐይ የበላው ነው፤ በአንድ እጃቸው ፌስታል ይዘዋል። ጎንበስ ብለው ከሣር ውስጥ የተጣለ የለስላሳ ጣሳ አነሱና ፌስታሉ ውስጥ ከተቱ። ሁለቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ እጃቸውን ዘርግተው መጡ። ቶሎሳ ጭንቅላቱን ነቅነቅ አድርጎ በጎን አለፈ።]

ሀይሌ፦ ሰውዬው እጁን ዘርግቶልህ እኮ ነው።

ቶሎሳ፦ ጣሳ ለቃሚ ነው። ባዶ ጣሳ ሱቅ ሲመልሱ ሳንቲም ይሰጧቸዋል። ዛሬ የያዝነው የለም፤ ሰላም ብለህ እለፍ።

ሀይሌ፦ ለሰላምታ የዘረጋ መሰለኝ።

ቶሎሳ፦ ስዊድናዊ ለማያውቀው ሰው እጁን አይዘረጋም።

ሀይሌ፦ ታዲያ የሚያውቀን ቢሆንስ? ዞር በልና አንዴ እየው።

ቶሎሳ፦ ጊዜ የለኝም። ያውልህ መሪው፤ ከሁሉም ፊት ያለው፣ ቀዩን ቦርሳ ያዘለው። ፂሙን አየኸው? ፌበን ባሳየችኝ ፎቶ ላይ ጀልባ ላይ ሆኖ ኮፍያና ጥቁር መነጽር አድርጎ ነበር፤ ፂሙ ግን ያው ፂም ነው።

ሀይሌ፦ እዚህ አገር ፂም የሌለው ማን አለ? መሪ መሆኑን በምን አወቅህ?

ቶሎሳ፦ ከፊት ነዋ። መሪ የት ይሆናል? ሾፌር የት ነው የሚቀመጠው?

ሀይሌ፦ ከፊት።

ቶሎሳ፦ በቃ።

ሀይሌ፦ በግ ግን እረኛው ከኋላ ነው።

ቶሎሳ፦ እኛ በግ ነን?

ሀይሌ፦ እኔስ ነኝ መሰለኝ፤ ከኋላ መሄድ ይቀለኛል። የተዘረጋ እጅም አልፌ አልሄድም።

[ሀይሌ ወደ አዛውንቱ ተመለሰ። ቶሎሳ ሁለቱን ዱላ እያፈራረቀ ቡድኑን እየሰነጠቀ ወደ ፊት ገሰገሰ። ነገሩ እንዳሰበው ቀላል አልሆነለትም። ባለቀዩ ቦርሳ ሰው ጋ ሲደርስ ሰውዬው በትከሻው አየት ያደርገውና ርምጃውን ይጨምራል። ቶሎሳም ይጨምራል። ሰውዬው ይበልጥ ይጨምራል። "እየፈተነኝ ነው" አለ ቶሎሳ በሆዱ፤ "የሙሽራዋን አባት ጉልበት እያየ ነው።" በዝምታ፣ በላብ፣ በኩራት ተከተለው። ድንጋዮች በመርከብ ቅርጽ የተተከሉበት ሜዳ ላይ ቡድኑ ለምሳ አረፈ። ሰውዬው ከሁሉም ርቆ አለት ላይ ተቀመጠ። ቶሎሳ ልክ ፊት ለፊቱ ሄዶ ተቀመጠና አፈጠጠበት። ሀይሌ እየተዝናና ደረሰ።]

ሀይሌ፦ እንዴት ነው? ልቡ ተከፈተ?

ቶሎሳ፦ እየተከፈተ ነው። ዝምታዬ እየሠራ ነው፤ ዳቦውን እንኳ መዋጥ አቅቶታል።

ሀይሌ፦ ይሄ የድንጋይ መርከብ ግን ደስ አይልም?

ቶሎሳ፦ የጀልባ ማቆሚያ ነው። ድሮ ጀልባቸውን እዚህ ውስጥ ያቆሙ ነበር።

ሀይሌ፦ ባሕሩ ከዚህ ሩቅ አይደለም እንዴ?

ቶሎሳ፦ ተሸክመው ያመጡታል። የድሮ ሰው ጉልበት አለው።

ሀይሌ፦ ኋላ ያለው ሰውዬ መቃብር ነው አለኝ። ለሞተ ሰው ከድንጋይ መርከብ ይሠሩለት ነበር። ያኔ ባሕሩ እዚህ ድረስ ነበር አለኝ፤ መሬቱ ቀስ እያለ ከባሕሩ እየተነሳ ነው የመጣው።

ቶሎሳ፦ መሬት ይነሳል? መሬት ሊጥ ነው?

ሀይሌ፦ እንደዚያ ነው ያለኝ። ዛሬም እየተነሳ ነው አለ።

ቶሎሳ፦ ጣሳ ለቃሚ ይንገርህ አንተን። በምን ቋንቋ ነው ደግሞ የምታወሩት?

ሀይሌ፦ በእንግሊዝኛ። ቆሎ ሰጠሁት፤ ወደደው። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ ሁሉም አወራን። ቶሎሳ፣ ሰውዬው አንድ ጉዳይ አለው። ከቤትህ የሚፈልገው ነገር አለ።

ቶሎሳ፦ ከእኔ ቤት?

ሀይሌ፦ ከአንተ ቤት።

ቶሎሳ፦ ቤቴን የት አይቶ? አንተ ነህ የነገርከው። ሀይሌ፣ ሰው አገኘሁ ብለህ የቤት ዕቃ አትዘርዝር። በረንዳ ላይ ያለውን አሮጌ ብስክሌት ነግረኸው ይሆናል።

ሀይሌ፦ ብስክሌት አይደለም። ከዚያ ይበልጣል።

ቶሎሳ፦ ሶፋውን? ሰርክ ትገድለኛለች። ከቤቴ የምሰጠው የለኝም።

ሀይሌ፦ እምቢ ብሏል ልበለው?

ቶሎሳ፦ እምቢ ብሏል በለው።

ሀይሌ፦ ቁርጥ ያለ እምቢታ?

ቶሎሳ፦ ቁርጥ ያለ።

[ሀይሌ ደስ ብሎት ሄደ። ቶሎሳ ገረመው፤ እምቢታ ተሸክሞ እንደ ምሥራች የሚሮጥ ሰው አይቶ አያውቅም። ከሩቅ ሲያይ ሀይሌ ለአዛውንቱ አንድ ነገር ነገራቸው፤ አዛውንቱም በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ሁሉ ሣር ላይ ተዘርግቶ ሳለ እሳቸው ብቻ ቆመዋል። ግን ይኼን ለማብሰልሰል ጊዜ የት አለ፤ ባለቀዩ ቦርሳ ሰው ምሳውን ሳይጨርስ ብድግ ብሎ ሄደ፤ ቶሎሳም የጀመረውን ለስላሳ በእጁ እንደያዘ ከኋላው። ከባሕሩ በላይ ከፍ ባለ ቋጥኝ ላይ፣ የጥንት ሰዎች ለሙታናቸው ያቆሙት ትልቅ የድንጋይ ክምር አለ። ሰውዬው በክምሩ ዙሪያ ዞረ፤ ቶሎሳም ዞረ። ሰውዬው ተመልሶ በሌላው በኩል ዞረ። ቶሎሳ ትንፋሹ አልቆ አንዱ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።]

ሀይሌ፦ ምን ትዞራላችሁ? ታቦት ሸኝታችሁ ነው?

ቶሎሳ፦ እኛ ጴንጤዎች ታቦት አንሸኝም። ልማዳቸው መሆን አለበት፤ መሪው ሲዞር ዞርኩ።

ሀይሌ፦ ሌላው ሰው አልዞረም።

ቶሎሳ፦ ሌላው ሰው አማች አይደለም።

ሀይሌ፦ እስካሁን ስንት ቃል ተነጋገራችሁ?

ቶሎሳ፦ ምንም። በጣም ጥሩ ላይ ነን።

ሀይሌ፦ ቶሎሳ፣ ኋላ ያለው ሰውዬ ተመልሶ መጥቷል።

ቶሎሳ፦ እምቢ ብዬው የለ?

ሀይሌ፦ ብለኸዋል። ደግሞ መጣ። ያው እዚያ ቆሟል። ዞር ብለህ እየው እስቲ።

ቶሎሳ፦ አንገቴ አይዞርም አሁን፤ ደክሞኛል። ድንጋይ ሞልቷል፣ ይቀመጥ።

ሀይሌ፦ መልስ ሳያገኝ አልቀመጥም ብሏል።

ቶሎሳ፦ ምን ዓይነት ግትር ሰው ነው? በቁሙ ነው የዋለው?

ሀይሌ፦ በቁሙ። ያውም ጉልበቱን እያመመው።

ቶሎሳ፦ ያሳዝናል። ግን ሰው በመቆም ብዛት የሰው ቤት ዕቃ አያገኝም። ይኼን ያህል ቸግሮት ከሆነ ለመሪው ለምን አይናገርም?

ሀይሌ፦ መሪው እኮ...

ቶሎሳ፦ መሪውን ተወው። አንተ መሪው ጋ እንዳትደርስ፤ ከጠዋት ጀምሮ የገነባሁትን ዝምታ ታፈርስብኛለህ።

ሀይሌ፦ እና ሰውዬውን አሁንም እምቢ ልበለው?

ቶሎሳ፦ እምቢ በለው። ቆይ ግን። [በእጁ ያለውን ለስላሳ ጭልጥ አድርጎ ጠጣ።] ባዶ እጁን አይሂድ። ይኼን ጣሳ ስጠው።

ሀይሌ፦ ጣሳውን?

ቶሎሳ፦ ከእኔ ነው በለው። ጌታ ይባርክህ ብሏል በለው።

ሀይሌ፦ እርግጠኛ ነህ? ይኼን ጣሳ ለዚህ ሰው?

ቶሎሳ፦ መስጠት የሚያስከብረው ሰጪውን ነው። ሂድ።

[ሀይሌ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ለቅጽበት ሰማይ ሰማይ እያየ ቆመ፤ ተማሪ ያልጠበቀውን ጥያቄ የጠየቀው መምህር ይመስል ነበር። ከዚያ ሄደ። አዛውንቱ ጣሳውን እንደ ሌሎቹ ፌስታል ውስጥ አልጨመሩትም። አገላብጠው አዩትና በጃኬታቸው የደረት ኪስ፣ ልባቸው ላይ አስገቡት። ቶሎሳ ይኼን አላየም፤ ዞር አላለም።

አመሻሽ ላይ ባሕሩ ዳር ከተሠሩት የእንጨት ጎጆዎች ደረሱ፤ ማደሪያቸው ናቸው። ፀሐይዋ ገና ከፍ እንዳለች ናት፤ በዚህ ወራት እዚህ አገር ፀሐይ ቤቷን ትረሳለች። ከጎጆዎቹ ፊት ጽሑፍ የተቀረጸበት ረጅም ድንጋይ ቆሟል፤ ከሥሩ የእንጨት ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበሮች አሉ። ባለቀዩ ቦርሳ ሰው ድንጋዩን ተደግፎ ያለከልካል፤ ከባሕሩ ወዲያ የሚሄድበት የለውም። ቶሎሳ ሸሚዙን አስተካከለ።]

ቶሎሳ፦ ሀይሌ፣ ሰዓቱ ደርሷል። ልናገረው ነው።

ሀይሌ፦ ከመናገርህ በፊት ግን...

ቶሎሳ፦ ዝም ብለህ ተማር። [በጥሩ ስዊድንኛ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ] ወንድሜ፣ ቀኑን ሙሉ ስከተልዎት የዋልኩት በምክንያት ነው። ለምን እንደመጣሁ ልብዎ ያውቀዋል። እርስዎና እኔ ከእንግዲህ አንለያይም። ደማችን ሊቀላቀል ነው።

ባለቀዩ ቦርሳ፦ [ወደ ድንጋዩ እየተለጠፈ] ይቅርታ፣ እኔ አላውቅህም። የጥርስ ሐኪም ነኝ። ሰው ሰልችቶኝ ነው የመጣሁት። ሠርቼልህ ያመመህ ጥርስ ካለ እባክህ ንገረኝና እንነጋገር፤ ደም ግን አታንሳ።

ቶሎሳ፦ የኤሪክ አባት አይደሉም?

ባለቀዩ ቦርሳ፦ ልጅ የለኝም። ከጠዋት ጀምሮ ስሸሽህ ነው የዋልኩት። እዚያ ክምር ላይ በስንት መከራ...

[ሰውዬው ቦርሳውን ለቅሞ ወደ ጎጆው ገባና በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ቶሎሳ ሁለቱን ዱላዎች እንደያዘ፣ በአራት እግሩ፣ ባለበት ቀረ።]

ቶሎሳ፦ ሀይሌ።

ሀይሌ፦ አቤት።

ቶሎሳ፦ መሪው አልመጣም ማለት ነው?

ሀይሌ፦ መጥቷል። መሪ እዚህ ከኋላ ነው የሚሄደው። የደከመ እንዳይቀር፣ የጠፋ እንዳይኖር ከሁሉም መጨረሻ ይሆናል። መንገዱ ላይ ሰው የጣለውን ጣሳም እየለቀመ።

[ቶሎሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር አለ። አዛውንቱ ከወንበሩ አጠገብ፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ቆመው ፈገግ ብለው ያዩታል። ጠዋት የዘረጉት እጅ ትዝ አለው። ሶፋው ትዝ አለው። ጣሳው ትዝ አለውና ዓይኑን ጨፈነ።]

ቶሎሳ፦ እሱ ነው?

ሀይሌ፦ ሌናርት ይባላል። የኤሪክ አባት።

ቶሎሳ፦ ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩት።

ሀይሌ፦ ሁለት ጊዜ። ቁርጥ ያለ።

ቶሎሳ፦ ልጄን አበላሸሁባት። ምነው ሀይሌ፣ ምነው እንደ ወንድም አፍህን ከፍተህ ብትነግረኝ?

ሀይሌ፦ ዞር በል አላልኩህም? ደግሞ ምን አበላሸህ? ሰውዬው ሽማግሌ ሆኖ መጣ፤ ከቤትህ የምፈልገው ነገር አለ አለ፤ አልቀመጥም ብሎ ቆመ፤ እምቢ አልከው፤ ተመልሶ መጣ፤ እምቢ አልከው። ጠዋት እንዴት ነበር ያልከኝ?

ቶሎሳ፦ በሦስተኛው ነው እሺታ።

ሀይሌ፦ "ሰውዬው ወጉን የሚያውቅ ኩሩ ሰው ነው" ብሎኛል ስለ አንተ።

ቶሎሳ፦ እንደዚያ አለ?

ሀይሌ፦ አለ። እኔም አላረምኩትም።

ቶሎሳ፦ ወጉን ማን ነገረው? አንተ ነህ?

ሀይሌ፦ እኔ አብሬው ነው የሸመገልኩት። የነገረችውስ ሌላ ናት። ቆይ። [ስልኩን አውጥቶ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።] ልጄ፣ አባትሽ ዞር ብሏል።

ፌበን፦ [በስልክ፣ በአማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች] አባዬ፣ ወጉ እንዲደርስልኝ እኔ ነኝ የለመንኳቸው። ለአንተ ብንነግርህ ሽማግሌውንም አንተው ትሆናለህ ብለን ነው ዝም ያልነው። ዞር ብለህ ሰላም ካልከው ግን አጎቴ ወዲያው ይነግርሃል ተባብለን ነበር።

[ቶሎሳ ስልኩ ላይ ጎንበስ አለ። ልጁ አማርኛ ተናግራለች፤ ወግም ፈልጋለች።]

ፌበን፦ አባዬ?

ቶሎሳ፦ አለሁ፣ የኔ ልጅ።

ፌበን፦ ሰውዬውን ተቀመጡ በላቸው እንጂ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

[ቶሎሳ ሁለቱን ዱላ ድንጋዩ ላይ አስደግፎ ወደ ሌናርት ሄደ። ሌናርት አንድ ርምጃ ወደ ፊት መጡ፤ ቀኑን ሙሉ ከሀይሌ ጋር ሲለማመዱት የዋሉትን ቀጥ ብለው በአማርኛ ተናገሩ።]

ሌናርት፦ ከቤትዎ የምንፈልገው ነገር አለ። መልስ ሳላገኝ አልቀመጥም። ሦስተኛዬ ነው።

ቶሎሳ፦ [ወንበሩን በእጁ እያሳየ] ይቀመጡ።

[ሌናርት አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ የጉልበታቸው ድምፅ ከባሕሩ በላይ ተሰማ። ቶሎሳ ጫማቸውን እንዲፈቱ ጎንበስ ብሎ ረዳቸው። ስልኩ ውስጥ ፌበን እልል ለማለት ሞከረች፤ በመሃል ሳል ሆነባት። ቶሎሳ ቀና ሲል ፊቱ ተመልሷል፤ ደረቱም አብሮ።]

ቶሎሳ፦ እሑድ ባርናባስን አገኘዋለሁ። "ሽማግሌ መጣ ወይ?" ሲለኝ "መጡ፤ ሁለቴ መለስኳቸው" ነው የምለው። ነገሩን እኮ ከመጀመሪያውም ጠርጥሬው ነበር።

ሀይሌ፦ ሶፋ ነው ስትል ነበር የጠረጠርከው?

ቶሎሳ፦ ሶፋ አባባል ነው።

ሌናርት፦ አንድ ነገር ቀርቷል። [ወደ ስዊድንኛ ተመልሰው፣ ከደረት ኪሳቸው ጣሳውን አወጡ። ከባሕሩ ዳር የለቀሟቸውን ሮዝ አበቦች ጨመሩበትና በክብር ጠረጴዛው መሃል አኖሩት።] ለዚህ ስጦታ እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም። ሀይሌ ትርጉሙን ሲነግረኝ እንባዬ መጣ።

ቶሎሳ፦ [በአማርኛ፣ ጥርሱን ሳይገልጥ] ምን ብለህ ነው የነገርከው?

ሀይሌ፦ [በአማርኛ] ምን ልበል? ሰውዬው "ይኼ ምንድን ነው?" አለኝ። "ጣሳ ለቃሚ መስለኸው ነው" ልበለው? "አባት በአፉ እምቢ ሲል በእጁ ባዶ ዕቃ ይሰጣል፤ ጎጆውን ሙሉት ማለት ነው" አልኩት።

ቶሎሳ፦ እንደዚህ የሚባል ወግ የት አለ?

ሀይሌ፦ ከቀትር በኋላ ተጀመረ።

ሌናርት፦ ለእህቶቼና ለወንድሞቼ ሁሉ ደውያለሁ። ለሠርጉ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ባዶ ጣሳ ይዘው ይመጣሉ። የልጅ ልጆቹም ጭምር። ቤተ ክርስቲያናችሁ በር ላይ ተሰልፈን እናስረክባለን።

[ቶሎሳ የቤተ ክርስቲያኑን በር በዓይነ ሕሊናው አየው፤ በሩ ላይ ባርናባስን አየው፤ ከባርናባስ ፊት የለስላሳ ጣሳ የታቀፉ፣ ክራቫት ያሰሩ የስዊድናውያን ሰልፍ አየ።]

ቶሎሳ፦ [በአማርኛ] ሀይሌ፣ ባርናባስ ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ?

ሀይሌ፦ [በአማርኛ] አንተ የማታውቀው ወግ አለ እንዴ? ታስረዳዋለሃ።

ሌናርት፦ እኔ የጥንት ነገር እወዳለሁ። ለመሆኑ ይኼ ወግ ስንት ዘመን ሆኖታል?

[ቶሎሳ ድንጋዩን አየ፤ ባሕሩን አየ፤ አበባ የያዘውን ጣሳ አየ። ቶሎሳ ጉሮሮውን ጠረገና፣ አውቶቡስ ሙሉ ተሳፋሪ እንደሚያናግር ሰው፣ በሙሉ ድምፁ መለሰ።]

ቶሎሳ፦ መሬቱ ገና ከባሕሩ ሳይነሳ የነበረ ነው።